አንድ እጅ ለመሰላሉ

«ጥሩ ነው» አለ አባቷ፤ ሳጥኑን በጣቱ እንኳ ሳይነካው።

ልጅቷ ክው አለች። ይህ ሰው ከተፈጠረ ጀምሮ አንድን ነገር በመጀመሪያ እይታ «ጥሩ ነው» ብሎ አያውቅም። የተመረቀች ዕለት እንኳ ዲግሪዋን ተቀብሎ መጀመሪያ ያየው የፍሬሙን መንጋደድ ነው። አርባ ዓመት የስልክ መስመር ሲጠግን፣ መሰላል ሲወጣና ሲወርድ ኖሮ ባልደረቦቹ «አባ መሰላል» ይሉት ነበር። ሥራ ሲያሳዩት እንከን ይፈልጋል፤ እንከን ካጣ ደግሞ ያኮርፋል።

«ንካው እንጂ አባዬ! እስቲ አንዷን ካርድ አውጣት።»

«አየሁት አልኩሽ እኮ። ቆንጆ ሥራ ነው፣ እጅሽ ይባረክ።»

ሳጥኑ የሁለት ዓመት ልፋቷ ነው። ትልልቆቹ የኔትወርክ መሣሪያዎች ዋጋቸው አይቀመስም፤ በዚያ ላይ አንዲት ነገር ስትበላሽባቸው ሁሉም ነገር ድርግም ይላል። እሷ ያንን ግዙፍ ነገር በስድስት ትንንሽ ካርዶች ከፋፈለችው። ስድስቱ ተባብረው እንደ አንድ ይሠራሉ። አንዷ ብትታመም አምስቱ ሸክሟን ይይዙላታል፤ ሌላው ሳይጠፋ የታመመችውን ብቻ መዝዞ መለወጥ ነው። አቅም ያነሰው ጤና ጣቢያ በሁለት ካርድ ጀምሮ፣ ሲሞላለት ይጨምራል። ይህንን በስልክ የነገረችው ጊዜ «ድር ቢያብር በይኛ!» ብሎ ከልቡ ስቆ ነበር።

ዛሬ ሳቅም የለ፣ ቁጣም የለ። ንድፉ ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ ፋብሪካ መግባት አለበት፤ ቅርጽ ማውጫው ብረት አንዴ ከተቆረጠ ወዲያ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ጠዋት ናሙናውን ታቅፋ የመጣችው ምርቃት ፍለጋ አልነበረም፣ ቁጣውን ፍለጋ ነው።

ያኔ ነው ግራ እጁ ትዝ ያለቻት። እንደወትሮው የሹራቡ ኪስ ውስጥ ናት። ከስምንት ወር በፊት ስትሮክ ጥሎት ከተነሣ ወዲህ እጁ በወጉ አትታዘዘውም፤ ሰው ፊትም አያወጣትም። ካርዶቹን አየቻቸው። እያንዳንዷ ካርድ በግራም በቀኝም መቆለፊያ አላት፤ ሁለቱን እኩል ካልተጫኗቸው አትወጣም።

ወይ እኔ ሞኟ! አለች በሆዷ። አባቷ ያመሰገናት እንዳይሞክረው ብሎ ነው። እንዳታዝንለት ደግሞ ፈራች፤ እንዳዘነችለት ካወቀ እሷንም ሳጥኗንም ከነጠረጴዛው ነው የሚያስወጣው።

ዕንባዋን የምትደብቅበት ስታጣ ኮሪደሩ ላይ የቆመው አሮጌ መሰላል ታያት።

«መሰላልህን ልዋስማ።»

«ለምኑ?»

«እንዲህ ያለ ሳጥን የሚሰቀለው ከፍ ብሎ ነው። ሲሰቀል ምን እንደሚመስል ላሳይህ። ያዝልኝ።»

መሰላሉን አምጥታ የግድግዳው መደርደሪያ ላይ አስደገፈች። ሳጥኑን ተንጠራርታ አናቱ ላይ አኖረችና መውጣት ጀመረች። አባቷ በቀኝ እጁ መሰላሉን ጨመደደው። ሦስተኛው እርከን ላይ ስትደርስ ሁለት እጇን ወደ አንዷ ካርድ ዘረጋች።

«እጅሽን!» ብሎ ጮኸባት። «አንድ እጅ ለመሰላሉ፣ አንድ እጅ ለሥራው! ስንቴ ልንገርሽ?»

በልጅነቷ ወንበር ላይ በወጣች ቁጥር የሚላት ነገር ነው። ደንግጣ በግራ እጇ መሰላሉን ያዘች፤ በቀኟ ካርዷን መጎተት ያዘች። አንዱን መቆለፊያ ስትጫን ሌላው ነከሰ። ሌላውን ስትጫን ያኛው ነከሰ። ካርዷ ወይ ፍንክች!

«አልወጣም አለ» አለች፤ እውነትም ገርሟት።

«እንዴት ብሎ ይወጣል? ጠረጴዛ ላይ ተደላድለሽ ቁጭ ብለሽ የሠራሽው ነዋ! ይኼን የሚጠግነው ሰው የት ቆሞ እንደሚጠግነው አስበሻል? መሰላል ላይ ሁላችንም ባለ አንድ እጅ ነን!»

የተናገረውን ጆሮው ገና አሁን ነው የሰማው።

እሷም ሳጥኑን ይዛ ወርዳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ ከቦርሳዋ ትንሿን መፍቻ አውጥታ አንዷን ካርድ መዘዘችና ግራ መቆለፊያዋን ከነሽቦ ሞላው ነቀለችው። ካርዷን መልሳ ስታስገባት በቀኙ መቆለፊያ ብቻ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«መሐል ላይ አድርጊው» አለ አባቷ ጎንበስ ብሎ። «በአውራ ጣት የሚጫን። አንድ ይበቃታል። ስድስት ሞላ ተረፈሽ ማለት ነው። ርካሽ ይሁን ስትዪ አልነበረም?»

«እስቲ አንተ ሞክራት።»

አየት አደረጋት። ከዚያ ቀኝ እጁን ዘርግቶ መቆለፊያውን በአውራ ጣቱ ተጫነና ሳበ። ካርዷ መጣች፤ ግን ቀላሉ ሳጥንም አብሯት ተንሸራትቶ መጣ። ሊወድቅ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ግራ እጁ ከኪሱ ወጥታ እንደምንም ክዳኑ ላይ ዐረፈች። ሳጥኑ ቆመ።

«ይኸው! እግሩ ላይ ጎማ እንኳ የለውም» አለ፤ ካርዷን በቀኝ እጁ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዞረ። «ጠርዙም ጣት ይቆርጣል። ይኼን ደቃቃ ቁጥርስ ማን ያነበዋል፣ ጉንዳን? ጥሩ ነው ያለሽ ማነው? ጻፊ እንጂ!»

«እየጻፍኩ ነው፣ አባዬ።»

ቀና ብላ አላየችም። ቀና ካለች እጁ ከኪሱ እንደወጣች ልብ ይላል ብላ ፈራች። እሱ ይቆጣል፣ እሷ ትጽፋለች፤ እጁም እዚያው ሳጥኑ ላይ ነበረች።