ሦስት ጊዜ ቢዝነስ

«አንደኛ ምርጫህ ቢዝነስ፣ ሁለተኛውም ቢዝነስ፣ ሦስተኛውም ቢዝነስ። ምን ማለትህ ነው አንተ ልጅ?» አልኩት፣ ስክሪኑን ወደ እሱ አዙሬ።

መልሱ ከእህቱ መጣ። «ቁርጠኝነቱን ማሳየቱ ነዋ!»

ልጁ አጠገቧ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ጠዋት ለወንድሟ ስደውል ሰምታ ከማሽኗ ተነሥታ ነው የመጣችው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ እንደሆነች ገና ወንበር ስትስብ ነግራኛለች። ሰፈሩ ልጁን ከወዲሁ «ማናጀሩ» እያለ እንደሚጠራውም ጨምራለች፤ እሱ ይህን ሲሰማ ጆሮው ቀላ።

በዚህ ኮሌጅ የተማሪዎች አማካሪ ነኝ፤ እንዲህ ዓይነት ቁርጠኞች በየዓመቱ አላጣም። አንድን ትምህርት ሦስት ጊዜ የጻፈ ሰው የበለጠ የሚታዘንለት ይመስላቸዋል። ምደባውን የሚሠራው ኮምፒውተር ደግሞ አንጀት የለውም።

«ስሚኝ እህቴ» አልኳት። «ቢዝነስ ለመግባት ሒሳብ ቢ መሆን አለበት። ወንድምሽ ሲ ነው ያመጣው።»

«ሌላው እኮ በሙሉ ኤ ነው!»

«ሌላው ሒሳቡን አያካክስለትም። አንደኛ ምርጫው ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ ሁለተኛው ይታያል፤ እሱም ቢዝነስ ነው። ሦስተኛውም ያው። በቃ፣ ቦታ አላገኘም ተብሎ ወደ ቤቱ ይሸኛል። የሕዝብ አስተዳደርን ሁለተኛ ምርጫው ያድርግ። እዚያ የሒሳቡ ውጤት ይበቃዋል። በዓመቱ ሒሳቡን ካሻሻለ ወደ ቢዝነስ መዛወር ይችላል።»

ምርጫ የሚሞላበት ሲስተም ዛሬ ሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ኮሪደሩ ላይ የጎረቤት ቢሮዎች በሮች እየተቆለፉ ነበር። ልጁ የይለፍ ቃሉን አስገብቶ እጁን ኪቦርዱ ላይ አሳርፏል፤ የተማሪ ምርጫ መንካት ለእኔ ክልክል ነው፣ ማስተካከል የሚችለው እሱ ብቻ ነው።

እህቱ ሳቀች። ደስ የማይል ሳቅ ነው።

«‹በኋላ ትዛወራለህ›! ይቺን አውቃታለሁ። እኔም እዚሁ ግቢ ነበርኩ፣ እኔም ቢዝነስ ነበር የምፈልገው። የዚያን ጊዜው አማካሪ ‹ለማንኛውም ሁለተኛ ጻፊ› አለኝ። ፈራሁና ጻፍኩ። ወዲያው እሱ ላይ ወረወሩኝ። ዓመት ሙሉ ተንገላትቼ፣ ትቼው ወጣሁ።» ጣቷን ጠረጴዛዬ ላይ ተከለችው። «ሁለተኛ ለጻፈ ሁለተኛ ነው የሚሰጡት። እባብ የነደፈው በልጥ ይደነግጣል፤ እሱን አላስነድፈውም!»

«እትዬ፣ እሳቸው የሚሉት…»

«ዝም በል! እጅህን አንሣ ከዚያ!»

ልጁ እንደተቃጠለ ሰው እጁን ሰበሰበ።

በገንኩ። ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ ያጠና ልጅ ዓይኔ እያየ ገደል ሊገባ ነው። ውጪ ጠብቂ ብዬ ላስወጣት እችል ነበር፤ ግን ይህ ልጅ ያለ እሷ ፈቃድ አንዲት ፊደል እንደማይነካ ከፊቱ ይነበባል። ማሳመን ያለብኝ እሷን ነው። እንዴት እንደማሳምናትም አውቄዋለሁ፣ አፌ ግን እንቢ አለኝ።

«ያኔ ሒሳብ ስንት ነበረሽ?» አልኳት በመጨረሻ።

«ምን አገናኘው?»

«ስንት ነበረሽ?»

«ሲ።»

«ያኔም መስፈርቱ ቢ ነበር።»

አፈጠጠችብኝ። የጀመርኩትን መጨረስ ነበረብኝ። «ሁለተኛ ስለጻፈ ብቻ ሁለተኛ የሚሰጠው የለም። መጀመሪያ የሚታየው አንደኛው ነው። አንቺን ከቢዝነስ ያስቀረሽ ሒሳቡ ነው። ሁለተኛ ባትጽፊ ኖሮ ያቺን አንድ ዓመትም አታገኚያትም ነበር።»

«አልገባም ነበር ማለት ነው?»

«አትገቢም ነበር።»

«ደፋር ብሆንስ?»

«ብትሆኚም።»

የፅዳት ሠራተኛዋ በሩን ከፈት አድርጋ ፊታችንን አየችና መልሳ ዘጋችው። ለሰው በወንድሙ ፊት እንዲህ ዓይነት ነገር መናገር ምን ያህል ጭካኔ እንደሆነ ገባኝ፤ ግን ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

ያልጠበቅኩትን ያደረገው ልጁ ነው። ብድግ አለ። 

«ይቅርብኝ። አልፈልግም። እትዬ ተነሺ እንሂድ!»

ለእሷ ብሎ ነው። እህቱ የተነገራትን ከሚሰማ ትምህርቱ ገደል ይግባለት። በሩ ጋ ደርሶ እጀታውን ያዘ። ሰዓቱን አየሁ፤ ሲስተሙ ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃ ነው የቀረው።

«ና» አለችው።

አልዞረም።

«ማናጀሩ፣ ና ተቀመጥ አልኩህ!»

ተመለሰ። ወንበሩን ራሷ ሳበችለት። «ሁለተኛውን አጥፋ። እሳቸው ያሉህን ጻፍ።»

ጻፈ። ተሳሳተና አጠፋው፣ እንደገና ጻፈ። ሦስተኛውንም ሌላ ነገር አደረገው። ስክሪኑ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ሲጠይቀው ጣቱን አንሥቶ እህቱን አያት። ራሷን ነቀነቀችለት። ተጫነው፤ ተመዘገበ።

እፎይ ብዬ ወንበሬ ላይ ተለጠጥኩ። አይዞሽ ልላት ፈለግኩና፣ ከእኔ አፍ ምን ዋጋ አለው ብዬ ተውኩት። እሷ ወደ እኔም ወደ ወንድሟም አታይም ነበር።

«ይሄን ሁሉ ዓመት» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ፣ «ፈሪ ነኝ ብዬ ነው እኮ የኖርኩት።»

ልጁ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። ሥራ መውጫው አልፎ ነበር፤ ተነሡ አላልኳቸውም።