እህል ውስጥ የተደበቀው ሳሙና

ባልቴቷ ገንፎውን ቀምሳ አሸተተችው። ባለፈው ሳምንት ከአሶሳ ገበያ፣ ከሱዳን ነጋዴ የገዛችውን ባለጽጌረዳ ሽቶ ሳሙና የደበቀችው የማሽላው እንስራ ውስጥ ነበር፤ ምራቷ ደግሞ ዛሬ የፈጨችው ያንኑ ማሽላ ነው። ገንፎው ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይላል! አሁን መንደሩ «በዚህ ዕድሜዋ ማንን ልታማልል ነው?» ብሎ ሊስቅባት፣ ልጇም ሊያፍርባት ነው።

አብራት ማዕድ የቀረበችው ጎረቤቷ የረጀብ እናት ገንፎውን በባምያው ወጥ አጥቅሳ ጎረሰች። አሸተተችና ደግማ ጎረሰች። ባልቴቷ በልቧ «ያ ረቢ፣ ሰውረኝ» አለች።

«የምራትሽ እጅ ይጣፍጣል!» አለች ጎረቤቷ ጮክ ብላ። ምራቷ ውሃ ልታመጣ ስትወጣ ግን ወደ ባልቴቷ ጆሮ ተጠጋች። «አንቺ ሞኝ! እህል ውስጥ ይደበቃል እንዴ? እኔ የኔን አመድ ውስጥ ነው የቀበርኩት፤ አመድ ሽታ ይውጣል።»

ባልቴቷ ትልቅ ጉርሻ ጎርሳ ሳቋን አፈነችው።