የእናቱ ሱሺ ለምን አነሰ?

ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ አንድ እሁድ ምሳ ሰዓት፣ ጃፓን ውስጥ ሺዮጋማ ወደብ አጠገብ ባለች ዘጠኝ ወንበር ብቻ ያላት ሱሺ ቤት ውስጥ አንድ ሰው የሁለት ሳህን ፎቶ አነሳ።

አንዱ ሳህን የራሱ ነው... ሌላው የሰባ ስምንት ዓመት እናቱ። ሁለቱም ላይ ያለው ሱሺ ነው፦ ተጨብጦ ጥሬ ዓሣ የተደረበበት፣ በእጅ የሚበላ ሩዝ።

"ጋሼ ኦካቤ፣ የእናቴ ሱሺ ከእኔ ለምን አነሰ?"

የሱሺ ቤቱ ባለቤት ኦካቤ ከመክተፊያው ቀና አለ። "አነሰባቸው እንዴ?"

"ዋጋው እኩል አይደል?"

"እኩል ነው።"

"ታዲያ?"

"ይቅርታ" አለ ኦካቤ። ወደ መክተፊያው ተመለሰ።

እናትየው እትዬ ፉሚኤ ጣልቃ ገቡ። "ተወው ቴትሱሮ። ለእኔ ልክ ነው። ብላ አሁን!"

ቴትሱሮ በላ... ከፈለ... እናቱን ቤታቸው አደረሰ... ወደሚኖርበት ከተማ ወደ ሴንዳይ በሚመለስበት ባቡር ውስጥ ፎቶውን ለጠፈው።

"አዛውንት አይናገሩም ብለው የሚሰርቁ ሰዎች ቤት ነው። እንዳትሄዱ!"

በሁለት ቀን አርባ ሺህ ሰው አየው።

እኔ የምኖረው ከዚያ ቤት ሦስት በር አልፎ ነው። እዚህ የምጽፈው ያየሁትንና ሰዎቹ ራሳቸው የነገሩኝን ብቻ ነው።

በሁለተኛው እሁድ በሩ ላይ ይቆም የነበረው ሰልፍ አልነበረም። ከዘጠኙ ወንበር ሰው የተቀመጠው ሁለቱ ላይ ነው። አንዱ እኔ ነኝ።

የኦካቤ ሚስት ኪኑኮ እዚያው እኛ ፊት ፈነዳች።

"መልስ ስጥ እንጂ! ሠላሳ አንድ ዓመት የለፋህበት ቤት ነው! የዓሣ አጥንት ጉሮሮህ ላይ ተሰነቀረ እንዴ?"

"የምመልሰው የለኝም።"

"አለህ! ለምን እንዳሳነስከው አንተ ታውቃለህ!"

"አውቃለሁ። ነገሩ ግን የእኔ አይደለም።"

"ተው እንግዲህ... ቤቱ ሲዘጋ ለዓሣዎቹ ታወራላቸዋለህ!"

ኦካቤ መክተፊያውን መወልወል ቀጠለ።

በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ ዕለት እትዬ ፉሚኤ ብቻቸውን በአውቶቡስ መጡ። ስለ ፎቶው የሰሙት ነገር አልነበረም።

"ምነው ዛሬ? ሰው ሁሉ ጾም ያዘ እንዴ?" አሉ ባዶዎቹን ወንበሮች አይተው።

ኪኑኮ ስልኳን አወጣች።

"ኪኑኮ... ተይ" አለ ኦካቤ።

አልተወችም።

እትዬ ፉሚኤ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡ። ከዚያ ኦካቤን ቀና ብለው አዩት።

"አንተ አውቀህ ነበር ማለት ነው?"

"ገና ሲቀመጡ ነው ያየሁት።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"እርስዎ ለልጅዎ ያልነገሩትን እኔ በምን አፌ ልናገር?"

በማግስቱ ለልጃቸው ደወሉ። እሁድ ዕለት እዚያው ወንበር ላይ አስቀመጡት።

"ፎቶህን አውጣና እንደገና እየው። ሳህኑን ተወው። እጄን እየው።"

በፎቶው ጠርዝ ላይ እጃቸው ይታያል። ሱሺውን የያዘው ግራ እጃቸው ነው።

እትዬ ፉሚኤ በሕይወታቸው ግራኝ ሆነው አያውቁም።

ሐምሌ ላይ ስትሮክ መትቷቸው ነበር። ቀኝ እጃቸው አይጨብጥም። ከሐኪማቸው በቀር ለማንም አልተናገሩም። ግራ እጃቸው ደግሞ ገና አልለመደም... ትልቅ ሱሺ ይፈርስበታል።

ኦካቤ ሩዙን ቀንሶ ጠበቅ አድርጎ ጨበጠው። ለግራ እጅ እንዲመችም አዙሮ አስቀመጠው። ዓሣው ግን ከልጁ እኩል ነበር።

ደግነት ነው ወይ ብዬ በኋላ ኦካቤን ጠየቅሁት።

"ምን ደግነት አለው? ሥራዬ ነው። ሰው ሲቀመጥ መጀመሪያ የማየው እጁን ነው።"

ቴትሱሮ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

"እማ... ለምን ደበቅሽኝ?"

"ብነግርህ ሻንጣዬን ትሸክፍ ነበራ! ሴንዳይ ወስደህ አምስተኛ ፎቅ ላይ ልታስቀምጠኝ!"

"ብቻሽን እንዴት ትችያለሽ?"

"አራት ወር ቻልኩ አይደል? በግራ እጄ አትክልት እከትፋለሁ። በግራ እጄ ልብስ አሰጣለሁ። ከቤቴ አልወጣም... አለቀ!"

"እሺ አትውጪ። ሐኪም ጋ ግን አብሬሽ ልሂድ።"

"እሱን አስብበታለሁ። ለጎረቤትም ለዘመድም ትንፍሽ እንዳትል። አሁን ብላ!"

በዚያው ዕለት ቴትሱሮ ፎቶውን አጥፍቶ አንድ መስመር ጻፈ፦ "ቤቱ አልሰረቀም፣ ስህተቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ።"

ሕዝቡ ዞረበት።

"ስንት ከፈሉህ?"

"በእናትህ ላይክ ለቀምክ አይደል!"

ስለ እናቱ እጅ አንዲት ቃል ቢጽፍ ሁሉም ዝም ይል ነበር። አልጻፈም።

ሰልፉ ተመልሷል። ስድቡ ግን እስከ ዛሬ አልቆመም።

ባለፈው ማክሰኞ በሬ ተንኳኳ። እትዬ ፉሚኤ ናቸው።

"አንተ ጋዜጠኛ ነህ አሉ። ልጄ ስለ እኔ ሲሰደብ ቁጭ ብዬ አላይም። ስሜንም፣ እጄንም፣ ሁሉንም ጻፈው።"

ጻፍኩት።

ትምህርቱ አጭር ነው... ለምንወደው ሰው ጥብቅና ከመቆማችን በፊት ሰውየውን ራሱን ቀና ብለን እንየው።

እናንተስ? ለመጨረሻ ጊዜ ከእናታችሁ ጋር ማዕድ ስትቀርቡ ምን አስተዋላችሁ... እጃቸውን ወይስ ሳህናቸውን? ለማንም ሳትደውሉ፣ የምታስታውሱትን ብቻ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።