የቢምረው ደም

አንሙት ጠዋት እርሻ ድንበር ላይ በገጀራ የተቆራረጠውን ወንድሙን መደብ ላይ አጋድሞ፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። በዚያ ዘመን ጥይት አልሞ ተኳሽ አያስፈልገውም፤ የአንድን ቤተሰብ የደም መግለጫ ከጫኑለት፣ ያ ደም ያለባቸውን ሰዎች በአቅራቢያው ካለው ጀምሮ ግድግዳ በስቶም ቢሆን ያገኛቸዋል። የወረዳው ሰው ሁሉ መግለጫ አንድ ፋይል ውስጥ ታጭቋል። በኮምፒውተሩ ጥቁር መስኮት ላይ «አውጣ» ብሎ ስም መጻፍ ብቻ ነው።

ሚስቱ ውዴ ሕፃኑን አዝላ የሟቹን ፊት በእርጥብ ጨርቅ ታብሳለች።

«የገዳዩን ስም ጻፍ፤ የእሱን ብቻ» አለችው።

«አንድ ውሻ ለወንድሜ አይበቃም» አለና የገዳዩን አያት ስም ጻፈ፦ አውጣ ቢምረው።

«አንሙት፣ እናቴ እኮ የቢምረው ልጅ ናት።»

«አንቺ የአባትሽ ነሽ። ዘር የሚቆጠረው በአባት ነው፤ ልጄም የኔ ነው።»

«እንደዚያ የምንቆጥረው እኛ ነን። ፋይሉ ይህን በምን ያውቃል?»

አንሙት የወጣውን መግለጫ ጥይቱ ላይ ጫነ፤ ጠመንጃውን አጉርሶ በበሩ ወደ ማዶው የገዳዩ መንደር ተኮሰ።

ጥይቱ አጥሩን ሳያልፍ እንደ ጭልፊት ዞረ። ውዴ ጀርባዋ ላይ ያለውን ሕፃን ልትከልል ደረቷን ወደ በሩ አዞረች። አንሙት ጠመንጃውን ጥሎ ዘለለና ከፊቷ ተገተረ፤ ክንዱን ዘርግቶ ሁለቱንም ሸፈናቸው።

ጥይቱ የእሱን ደም አልፈለገውም። እንደ ግድግዳ በስቶት አለፈ።