የማይሰበሩት ፍላጻዎች

"እማዬ፣ ደግሞ ሰበርሽ?"

ልጁ በር ላይ ቆሞ ጭራው የተሰነጠቀ ፍላጻ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሏል... የሞተ አይጥ የያዘ ነው የሚመስለው።

እናት ጎንበስ ብላ የስፖርት ጫማዋን ክር ትፈታለች።

"ተጋጩብኝ ልጄ።"

"ታዲያ እንዳይጋጩ አድርጊያ።"

ልጁ "እንዴት ተጋጩ?" ብሎ መጠየቅ እንኳን አልመጣለትም።

ቆይ፣ ሴትየዋን ላስተዋውቃችሁ።

ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልብስ ስትሰፋ የኖረች ናት። ባሏ ሞቶ ቤቱ ጭር ሲልባት ጎረቤቷ እየጎተተች ሰፈራቸው ወዳለው የቀስት ክለብ ወሰደቻት።

"በዚህ ዕድሜዬ አዳኝ ልሁን እንዴ?" ብላ ስቃ ነበር።

ከዚያ አንዴ ቀስቱን ወጥራ ለቀቀች... አለቀ። ፍቅር ያዛት በሉት።

መርፌ ሲያይ የኖረ ዓይን ቀልድ አይደለም። ኢላማው መሃል ያለችውን ቢጫ ክብ ልክ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ ነበር የምታያት።

ችግሩ... ፍላጻ ውድ ነው። የሚገዛላት ደግሞ ልጇ ነው። ፋርማሲ ተቀጥሮ የሚሠራ፣ የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ያንገላታው ሰው።

ክፉ ልጅ እንዳይመስላችሁ። እናቱን ይወዳታል። ግን "አልቻልኩም" ከሚል ሞቱን ይመርጣል። መቼም እንዲህ ዓይነቱ በየቤታችን አይጠፋም።

እና አንድ ቀን ብልሃት መጣለት። ቀለማቸው ከድሮዎቹ የማይለይ፣ ዋጋቸው ግን እጅግ የወረደ ፍላጻዎች አገኘ። የድሮዎቹን አወጣና እነዚህን ኮሮጆዋ ውስጥ ከተተላት።

"አዲስ ናቸው?" አለች እናት።

"አዎ። ያው የድሮዎቹ ዓይነት ናቸው።"

ከዚያ ወዲህ... አንድም ፍላጻ አልተሰበረም።

ልጁ ደስ አለው። "አየሽ እማዬ፣ ስትጠነቀቂ ይቻላል እኮ" አላት።

እሷም ፈገግ አለች። ከአንገት በላይ ነበር።

ቀስ እያለች ግን ሴትየዋ ተለወጠች። የልጅ ልጇ ቀሚስ ሲቀደድ "ውጭ አሰፉት" ማለት ጀመረች። ማንም እንዲነካው የማትፈቅደውን ትልቁን የልብስ መቀሷን አንስታ ለሌላ ልብስ ሰፊ ሰጠች።

ልጁ ይህን ሁሉ አየ... እርጅና ነው ብሎ አለፈው።

አንድ ቅዳሜ "ክለቡ ድረስ ውሰደኝ፣ ቀስታቸውን ልመልስላቸው" አለችው።

"ምነው?"

"እጄ ከዳኝ ልጄ። ሁሉንም እንደ ድሮው ነው የማደርገው... ግን አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች ይሄድብኛል። ሰው ሳይስቅብኝ ልተወው።"

ሲደርሱ አሰልጣኟ ገና ከወሊድ ፈቃድ መመለሷ ነበር።

"እትዬ፣ ስንት ወር ናፍቄዎት መጥቼ ቀስት ይመልሱልኛል? እስቲ መጀመሪያ ይወርውሩልኝ።"

ወረወረች። የመጀመሪያው ላይ... ሁለተኛው ታች... ሦስተኛው ከኢላማው ጠርዝ ላይ።

አሰልጣኟ ሄዳ ነቀለቻቸው። ሁለቱን በሁለት መዳፏ ይዛ መዘነች፣ ጎበጥ አድርጋም አየቻቸው።

"እነዚህ እኮ ክብደታቸው አንድ አይደለም። አንዱ ይተጣጠፋል፣ አንዱ ደረቅ ነው። በእነዚህ እኔም መሃሉን አላገኘውም። ሱቁ አታሏችኋል። ቁመታችን እኩል ስለሆነ ልክዎ ነው፣ እስቲ የኔን ፍላጻዎች ይያዙ።"

የመጀመሪያው ቢጫው ላይ ገባ።

ሁለተኛው እሱኑ ታክኮ ገባ።

ሦስተኛው... ቀጭ አለ። የመጀመሪያውን ፍላጻ ጭራ ሰንጥቆ እዚያው ተሰካ።

ልጁ ደነገጠ። "ይቅርታ፣ እኔ እተካዋለሁ" አለ።

አሰልጣኟ ሳቀች። "የምን ይቅርታ ነው? የጀማሪ ፍላጻ ይጠፋል እንጂ አይጋጭም። የሚሰነጣጠቁት አንድ ነጥብ ላይ ሲያርፉ ነው። ከእንግዲህ ለእርስዎ አንድ ኢላማ አይበቃም እትዬ። ለእያንዳንዱ ፍላጻ የየራሱን እንሰቅልልዎታለን፣ ወጪውም ይቀንሳል።"

አያችሁልኝ?

እናትየው ፍላጻ ስትሰብር የከረመችው ስለሳተች አልነበረም... ስላልሳተች ነው።

ልጁ "ተሻላት" ብሎ የተደሰተው ደግሞ ልክ መሳት በጀመረች ጊዜ ነው።

ወደ መኪናው ተመለሱ። ጥፋቱ ለሱቁ ተሰጥቷል፣ የሚጠይቀው የለም። ዝም ቢል ያልፍለት ነበር።

ሞተሩን ሳያስነሳ ቆየ።

"እማዬ... ማንም አላታለለኝም። ርካሽ መሆናቸውን እያወቅኩ ነው የገዛሁት። አቅም አጥቼ ነው።"

እናት ዞራ አላየችውም። ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ትመለከታቸዋለች።

"እኔ እኮ እጄ ነው ብዬ... መቀሴን ለሰው ሰጠሁ" አለች።

ቀጠለችና...

"አልቻልኩም ብትለኝ ኖሮ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እወረውር ነበር እኮ ልጄ። ማን ይቆጣህ ነበር?"

ልጁ መሪውን እንደያዘ አለቀሰ። እሷም ጀርባውን እያሸች ጠበቀችው።

ወዳጆቼ... እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ልክ ነው። ግን እስኪጠራ ድረስ የሚጎዳ ሰው አለ። እውነቱን የደበቅነው ሰው ጥፋቱን የሚፈልገው ከኛ አይደለም፣ ከራሱ ነው። በገዛ እጁ፣ በገዛ ዓይኑ ላይ እምነት ያጣል። "አልቻልኩም" ማለት የአንድ አፍታ ሀፍረት ነው። የምንወደውን ሰው ይህችን አፍታ አንንፈገው።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ... ሱቁ ተወቅሶ ነገሩ ካለቀ በኋላ፣ በልጁ ቦታ ብትሆኑ መኪናው ውስጥ እውነቱን ታወጡት ነበር? ወይስ "አንዴ ደስ ብሏታል" ብላችሁ ዝም?

የልባችሁን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሁሉንም ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ።