ካሜራው እኔ ላይ ነበር

«ውሸታም ነህ ስልህ! ፈረሱም ውሸት፣ ፊልሙም ውሸት!»

«በገዛ ሱቄ ውስጥ ነው የምትሰድበኝ፣ ጓድ ኤጄታ?» ጉርሙ ምላጩን እንደያዘ ዞረ።

የቀበሌው ጸሐፊ ኤጄታ ከት ብሎ ሳቀ። ተራ የሚጠብቁትም ተከተሉት። አምቦ ውስጥ ይህን ክርክር ያልሰማ ሰው አልነበረም። ፀጉር ቆራጩ ጉርሙ፣ አብዮቱ ከመፈንዳቱ በፊት ፈረንጆች ወንጪ ሐይቅ ዳር ባነሡት ፊልም ውስጥ በፈረስ ጋልቤያለሁ ይላል። ፊልሙን ያየ ግን የለም። ልጆች ሳይቀሩ «ተዋናዩ መጣ!» እያሉ ይስቁበታል።

የሚያምነው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አሁን አረፋ ተቀብቶ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው መምህር ከበበው ነው።

«ይተዉት፣ ኦቦ ጉርሙ» አለ ከበበው። «እኔ አምንዎታለሁ።»

«አንተ አፍህን ዝጋ፤ በፍንጭትህ አረፋ ይገባል።»

«ምን ላድርግ? እናታችን ለወንድሜና ለእኔ ያወረሰችን እሱን ብቻ ነው። መንግሥትም አልወረሰብንም።»

ኤጄታ እንኳ ፈገግ አለ።

«አንድ ቀን ወንጪ ወስጄ ቦታውን አሳይሃለሁ» አለው ጉርሙ።

«ይቅርብኝ። ገቢሳ ከሞተ ወዲህ ያንን ውኃ ማየት አልወድም።»

የከበበው ታላቅ ወንድም ገቢሳ ሐይቁ ውስጥ ሰጥሞ ነበር የሞተው። አጠገቡ ሰው ስላልነበረ ደራሽ አጣ ተብሎ ለእናቱ ተነገራት።

«ነፍስ ይማር» አለ ጉርሙ፣ ምላጩን እየሳለ።

ኤጄታ ከብብቱ ሥር ወፍራም መጽሐፍ አወጣ። ስለ ፊልም ታሪክና አሠራር የተጻፈ፣ የአዲስ አበባ ዘመዱ የላከለት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር።

«ገና ጠዋት ነው የደረሰኝ። የወንጪው ፊልም እዚህ ውስጥ አለ ብለውኛል። ፎቶው ላይ ከሌለህ፣ ሁለተኛ ስለ ፊልም ትንፍሽ አትልም።»

«ካለሁስ?»

«ገበያ መሀል ቆሜ ተዋናይ ነህ እልሃለሁ።»

ጉርሙ ምላጩን አስቀመጠው።

ኤጄታ ገጹን እየገለጠ እንደ መርማሪ ይጠይቀው ጀመር። «ምን ነበር የሠራኸው?»

«ከጌታው የሸሸ ሰው አለ። እሱን ሐይቁ ውስጥ እስኪገባ አሳደድኩት።»

«ከዚያስ?»

«ሰጠማ! እንዴት ያለ ተዋናይ መሰለህ! ‹ና ባሳ! ና ባሳ!› እያለ ጮኸ። አውጡኝ ማለቱን ፈረንጆቹ የት ያውቁታል? የገባው ለእኔ ብቻ ነው። እነሱማ አጨበጨቡ።»

«ከሩቅ ሆነህ እንዴት ሰማህ?»

«የምን ሩቅ! የፈረሴ እግር ውኃ ውስጥ ነበር። እጄን ብዘረጋ እይዘው ነበር።»

«ለምን አልዘረጋህም ታዲያ?»

«ካሜራው እኔ ላይ ነበራ!»

ሱቁ በሳቅ ተናጋ።

«ሰውየውስ በየት ወጣ?»

«እኔ ምን አውቄ? በወዲያ በኩል ወጥቶ ይሆናል። እኛ ተመለስን።»

ኤጄታ መግለጡን አቆመ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ከፎቶው ሥር ያለውን ጽሑፍ ቀስ እያለ ወደ አማርኛ መለሰው፤ «የአገሬው ሰው ያሳየው አሰጣጠም፣ በፊልም ከታዩት ሁሉ እውነት የሚመስል ነው ይላል።» ከዚያ ቀና ብሎ ጉርሙን አየው። «የአንበሳ ጎፈር ደፍተህ... ፈረሱ ላይ ያለኸው አንተ ነህ። ዋቃ ምስክሬ ነው፣ አንተው ነህ!»

ተራ ጠባቂዎቹ ተነሥተው አጨበጨቡ። ጉርሙ መጽሐፉን ነጥቆ በከበበው ጭን ላይ ዘረጋው።

«እይ እንጂ ልጄ! ያመንከኝ አንተ ብቻ ነህ፣ አንተ ቀድመህ እይልኝ!»

ከበበው ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና ሳይል ቆየ።

ጉርሙ በከበበው ትከሻ ላይ አጎንብሶ ፎቶው ውስጥ ራሱን አይቶ ጠገበ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ፈረሱ እግር ወረደ። ውኃው ውስጥ ያለው ሰው አፉን በሰፊው ከፍቷል፤ የላይኛዎቹ የፊት ጥርሶቹ ፍንጭት ናቸው። ጉርሙ ቀስ ብሎ ቀና ሲል፣ መስታወቱ ውስጥ ያንኑ ፍንጭት በከበበው አፍ ላይ አየ።

ከበበው ፎጣውን ከአንገቱ ፈታ፣ መጽሐፉን ከደነ፣ ግማሽ ፊቱን አረፋ እንደለበሰ ወጥቶ ሄደ።