የገሳይ ዳገት

መምህር ዓለምነው ቮልሷን ሃያ ዓመት ሲነዳት አንድም ቀን ጉልበት አነሳት ብሎ አያውቅም። ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ገበያ፣ ሲበዛ ደግሞ እስከ ሐሙሲት ወርዳ ትመለሳለች። ለአንድ የደብረ ታቦር አስተማሪ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገዋል?

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ግን ጋራዥ አስገብቶ ሞተሯን አስወረደ።

"ምን ሆነች?" አለችው ሚስቱ ፈንታነሽ።

"ዳገት አቃታት።"

"የምን ዳገት?"

ዓለምነው እንዳልሰማ ሆኖ ወደ ጋራዡ ሄደ።

ፈንታነሽ ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ አላት። ቃሏ አንድ ነው። አንዴ በቃ ካለች ሽማግሌ ቢላክ፣ የንስሐ አባቷ ቢለምኗት አትመለስም፤ ከደጇ ያባረረችው ሰው፣ የገዛ ሥጋዋ ቢሆን፣ ስሙ እንኳ ዳግም አይነሣም። ባሏም ይህን ስለሚያውቅ የከበደውን ነገር ሁሉ በዝምታ ማለፍ ለምዷል። ያሁኑ ዝምታው ግን ሌላ ሆነባት።

በሦስተኛው ሳምንት ሱቋን ዘግታ ጋራዡ ድረስ ሄደች። መካኒኩ ሙላቴ እጁን እየጠረገ በርጩማ አቀረበላት።

"እትዬ ፈንታነሽ፣ በደኅና ነው? ይቀመጡ።"

"ይቺ መኪና አታልቅም እንዴ?"

"ደርሳለች። ሞተሯን ባሕር ዳር ቶርኖ ቤት ልከን አስፍተነዋል፤ አሁን ትልልቅ ፒስተን እየገጠምንላት ነው። ሺህ ሁለት መቶ ሲሲ የነበረችው ሺህ ስድስት መቶ ልትሆን ነው። እንግዲህ የገሳይን ዳገት እየዘፈነች ትወጣዋለች።"

"ገሳይ?"

ሙላቴ ያልታዘዘውን የተናገረ መሰለው፤ ወደ ሞተሩ ዞረ። "መምህር እንደዚያ ብለውኛል። በመስከረም ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ቀርታባቸዋለች። ብቻ ዘይቷን ይጠብቁላት። ይቺ እንደ ሌላው መኪና ማቀዝቀዣ ውሃ የላትም፤ ነፍሷ ዘይቷ ነው። ያለ ዘይት ሩቅ አትሄድም።"

ፈንታነሽ ከግድግዳው ሥር የተቀመጠውን የፊት ወንበር አየች። ከሾፌሩ ጎን ያለው ነው።

"ይኼስ?"

"እሱንም እሳቸው ናቸው ያስነሡት። በቦታው ሰው ጋደም ብሎ እንዲሄድ ነው አሉኝ።"

 ደኅና ዋል ሳትለው ወጣች።

በማግስቱ የሱቅ ጎረቤቷ አሰለፈች ብቅ አለች።

"ፈንቴ፣ የሕፃን መጠቅለያ ፍላኔል አልቆብሽ ነው እንዴ?"

"ኧረ ሙሉ ጣቃ አለኝ። ምነው?"

"አይ፣ መምህር ትናንት ከኔ አራት ሜትር ቢገዛ ጊዜ ነው። ለስላሳውን ምረጪልኝ አለኝ።"

ፈንታነሽ መቀሷን አስቀመጠች። "ወልዶብኛል በይኛ!"

"ተይ እንዲህ አይባልም። በዚህ ዕድሜው?"

"እኔ እንደሆንሁ ልጅ የለኝ። ምን ይይዘዋል?"

አሰለፈች አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ የፈንታነሽን ፊት አየችና መልሳ ዘጋችው።

ቮልሷ ኅዳር ላይ ቤቷ ገባች። ድምጿ ጎርንኗል፤ ስትነሣ የግቢው መስኮት ይንቀጠቀጣል። ዓለምነው ከፊቷ ባለው የዕቃ መጫኛ አንድ ቅል ቅቤና አንድ ቁና የገብስ ዱቄት ከተተ። ስልክ ሲደወልለት አጥር ሥር ሄዶ ያወራል። ፈንታነሽ አንድ ጊዜ ብቻ ሰማችው፦ "አይዞሽ፣ ከእንግዲህ መኪናዋ አታሳፍረንም።" ስልኩን ሰርቃ ብታየው ስም የለውም፤ "ገሳይ" ብቻ ይላል።

የዚያን ዕለት ራት ላይ ጠየቀችው።

"ገሳይ ማን አለህ?"

ዓለምነው የጎረሰውን ውጦ ቀና አለ።

"ብነግርሽ ትሰሚኛለሽ?"

"አልሰማህም።"

"እንግዲያው አትጠይቂኝ።"

በእሑዱ ዓለምነው ቅዳሴ ሄደ። ፈንታነሽ ራሴን አሞኛል ብላ ቀረች። ከመሣሪያ ሣጥኑ የብሎን መፍቻ አወጣች፤ ጆንያ አንጥፋ ከቮልሷ ኋላ ተጋደመች። የዘይት ማፍሰሻውን ብሎን ሙላቴ ሲፈታው ስንት ጊዜ አይታለች። አላወጣችውም፤ አላልታ ተወችው። የቀረውን መንገዱ ራሱ ይፈታዋል። ሞት አልተመኘችለትም። ዳገቱ መካከል ቅቤውን ታቅፎ ሲቆም አገር ይየው፣ የገሳይዋም ሴት ስትጠብቀው ትዋል ብላ ነው።

እጇን ታጥባ ሳትጨርስ ዓለምነው ገባ። ወዲያው ግድግዳው ሥር ቻርጅ ላይ የተሰካው ስልኩ ጮኸ።

"አሁን? ... መጣሁ። አይዞሽ የኔ ዓለም፣ መጣሁ!"

ነጠላውን እንደለበሰ ወደ መኪናዋ ሮጠ። ከደጁ ሲደርስ ግን ዞር አለ።

"ፈንታነሽ፣ እባክሽ ጸልዪልኝ።"

በሠላሳ ዓመት ትዳር እንዲህ ብሏት አያውቅም። አንድ ቃል አፏ ድረስ መጣ። "የኔ ዓለም" ያለው ግን ጆሮዋ ውስጥ ነበርና ዋጠችው።

ቮልሷ አጓርታ ወጣች። ድምጿ በምሥራቁ መንገድ እስኪጠፋ ፈንታነሽ ከደጇ ቆማ አዳመጠች። ከእግሯ ሥር የዘይት ጠብታ እየተከታተለ እስከ በሩ ሄዷል። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ደስ አላላትም።

አንድ ሰዓት ያህል እንደቆየ ስልኩ እንደገና ጮኸ። በጥድፊያው ረስቶት ሄዷል። "ገሳይ" ይላል። ፈንታነሽ ስንት ቀን ስታውጠነጥነው የከረመችውን ስድብ ምላሷ ላይ አዘጋጅታ አነሣችው።

"አባዬ፣ የት ደረስህ?" አለች ወዲያ ማዶ ያለችው ሴት እያቃሰተች። "ምጡ ጸንቶብኛል። ለእማዬስ ነገርሃት?"